ጾሜን ይግባኝ ብዬ አዘና ድረስ

አገው ምድርን ያላያችሁ፣ ለማየትም ሐሳብ የሌላችሁ ወዳጆቼ፣ ስለ ሐይቁና ስለ ፈረሱ እንድተርክላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሐይቁን አላየሁትም። ፈረስ አይቻለሁ፤ ግን ጀርባው ላይ ተጭኜ ስለነበር ከጆሮዎቹና ከኩራቱ በቀር ይህ ነው የምለው ነገር የለኝም። እኔ የሄድኩት ለክርክር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስኳር በሽታ ካገኘኝ ብዙ ዘመኔ ነው። በፊት በኪኒን ብቻ ስለነበርኩ እንደ ምንም ብዬ ጾሜን እይዝ ነበር። ወደ ኢንሱሊን ከተዛወርኩ በኋላ ግን ዓይኔ መደብዘዝ ጀመረ፤ አንድ ቀንም ገበያ መሃል ወድቄ ሰው ተሸክሞ ቤቴ አስገባኝ። ሐኪሙ ተቆጣ። ቁርስሽን በሰዓቱ ብይ፣ እንቁላልና ወተት ጨምሪ፣ አለዚያ እኔ ጋ አትምጪ አለኝ። የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ አላቅማሙም። «ሐኪምሽ ያለሽን አድርጊ። ዐቢይ ጾምንም ትበያለሽ» ብለው ፈረዱብኝ። ፈረዱልሽ የሚለኝ ሰው አለ፤ ልጄ ማርታ አንዷ ናት። እኔ ግን ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን ገድፌ የማላውቅ ሴት፣ ጎረቤት ሁሉ ሽሮ ሲያማስል እንቁላል ሰብሬ ልቀመጥ ነው? ሳልጾም የምፈስከው ፋሲካስ ምን ዓይነት ፋሲካ ነው? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። በውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ምን እንደሚያደርግ አሳምሬ አውቃለሁ። የእኔ ይግባኝ ሰሚ አባ ታከለ ናቸው። አዳማ ሳሉ ከሠርጌ ጀምሮ የንስሐ አባቴ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ አዘና ሲመለሱ ነው ለአዲሱ አባት ያስረከቡኝ። አባ ታከለ የድሮ ሰው ናቸው፣ በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም፣ ስለዚህ ይፈርዱልኛል ብዬ ተማመንኩ። ለማርታ «ቡራኬ ልቀበል ነው» አልኳት። አልዋሸኋትም፤ ከፋፍዬ ነገርኳት እንጂ።

ደግሞ አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ ይግባኝ የተባለበት ውሳኔ አፈጻጸሙ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ አዘና እስክደርስ ድረስ እንደ ሰው እጾማለሁ አልኩ። እግዱን የሰጠሁት እኔው ራሴ ነኝ።

አንደኛ ቀን፤ ከአዳማ ዳንግላ

የጎጃም መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ስለሰነበተ ማርታ በመኪና አትሄጂም ብላ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችልኝ። ኢንሱሊኔን በረዶ ካለበት ፔርሙዝ ውስጥ ከትቼ፣ መርፌዎቼን በላስቲክ ጠቅልዬ ፍተሻው ጋ ደረስኩ። ፈታሹ ላስቲኩን ፈቶ አየና «እማማ፣ ይህ ሁሉ መርፌ ማንን ለመውጋት ነው?» አለኝ። «እኔን» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

ባሕር ዳር ስወርድ ሙቀቱ የእኛኑ አዳማን መሰለኝ፤ አቧራ የሚያለብስ ንፋስ ብቻ ነው የጎደለው። ወዲያው የዳንግላ ሚኒባስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ፔርሙዙን በሁለት እጄ ታቅፌው ሲያዩ «ጠበል ነው፣ እናት?» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ መድኃኒት ነው» አልኳቸው። «ያም ቢሆን ከላይ ካልተባለ አይሠራም» አሉና ፔርሙዙን ተቀብለው ግንባራቸው ላይ አስነክተው መለሱልኝ። እኛ ሰፈር ቢሆን «ስንት ገዛሽው?» ነበር የምባለው።

ዳንግላ ያረፍኩት አንጓች ቤት ነው። አንጓች አዳማ ጎረቤቴ የነበረች፣ ባሏ ሲዛወር ተከትላው የሄደች ሳቂታ ሴት ናት። ሻንጣዬን ገና ሳላስቀምጥ «ልጅሽ ደውላለች» አለችኝ። ከዚያ በሩን ዘጋችና ከነጠላዋ ሥር፣ እንደ ተሰረቀ ዕቃ፣ የተቀቀለ እንቁላል አወጣች። የጾም ድስቷን ላለማስነካት ጓሮ ድንጋይ ጎልታ በቲማቲም ጣሳ ነው የቀቀለችው። ልጆቿም እንዳያዩ ሱቅ ልካቸዋለች።

«አልበላም» አልኳት። «ጉዳዩ በይግባኝ ላይ ነው።»

«የምን ይግባኝ?»

ነገርኳት። አፏን ይዛ ሰማችኝ። «አስካልዬ፣ አንቺ ጤነኛ ነሽ?» አለችኝ። ጤነኛ ብሆንማ ይህ ሁሉ ጉዞ ምን አመጣው። እንቁላሉ መሃላችን ቁጭ አለ። እኔ አልበላው፣ እሷ ጾመኛ፣ ባሏ ጾመኛ፣ ልጆቿም ጾመኞች። በመጨረሻ ለውሻው ወጣለት፤ ከዚያ ሰፈር ለእሱ ብቻ ፋሲካ ሆነ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የአንጓችን ሽሮ በላሁ። ሽሮዋ ከእኔ ይሻላል፤ ይህን አዳማ ላይ አልደግመውም።

ሁለተኛ ቀን፤ እንጅባራ

አንጓች በጠዋት ሚኒባስ አሳፈረችኝና ለሾፌሩ «እቺ ሴት ስኳር አለባት፣ ዝም ካለች አናግራት» አለችው። ሾፌሩ አደራውን ከምር ወስዶ በየኩርባው «እማማ፣ አሉ?» ይለኝ ጀመር። «አለሁ» እላለሁ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ «አሉ?» ይለኝ ነበር። አዲስ ቅዳም ከሰል በመንገዱ ዳር እንደ አጥር ተደርድሮ ያየሁባት ከተማ ናት። አዳማ ለአንድ ማዳበሪያ የምንጨቃጨቅበትን ከሰል እዚያ ሰው ተደግፎት ያወራል።

እንጅባራ ስወርድ ብርዱ ተቀበለኝ። በዐቢይ ጾም ዝናብ ያካፋል ብላችሁ ታምናላችሁ? ባጃጆቹ በላስቲክ ተሸፋፍነው ይሮጣሉ፣ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ይራመዳል፣ አጥሩም ወንበሩም ቀርከሃ ነው። ለኢንሱሊኔ በረዶ ፍለጋ ብጠይቅ የአልቤርጎው ባለቤት፣ ወፈር ያሉ ደግ ሴት፣ ሳቁብኝ። «እዚህ አገር ማታ መስኮት ላይ ያስቀምጡት፤ እንዲያውም እንዳይበርደው ያልብሱት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አዳማ ማቀዝቀዣ ገዝቼ ያላገኘሁትን ቅዝቃዜ እንጅባራ በነጻ ሰጠችኝ።

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም ብዬ አልጋዬ ላይ ተጠቅልዬ ዳዊቴን ብከፍት ፊደሉ መዋኘት ጀመረ። የስኳር መለኪያዬን አወጣሁና ጣቴን ወጋሁ። በጣም ወርዷል አለኝ። «አንተን ማን ጠየቀህ?» ብዬ መልሼ ከቦርሳዬ ከተትኩት። ሰዓቱ እንደደረሰ ሴትዮዋ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አምጥተውልኝ አጠገቤ ቁጭ ብለው እስክጨርስ ጠበቁኝ። የእንጅባራ ድንች ለብቻው ወጥ አያሻውም። ከዚያ የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው ደረቡልኝ። የእሳቸው አገር ብርድ ለእንግዳ እንደሚጨክን አውቀውታል።

ሦስተኛ ቀን፤ አዘና

አዘናን በቀላሉ አገኘኋት፤ ሚኒባስ አደረሰኝ፣ ከዚያ ወደ አባ ታከለ ደብር ባጃጅ ያዝኩ። ጠዋት መርፌዬን እንደ ልማዴ ሙሉውን ተወግቻለሁ። ጾሙ የአፌ እንጂ የክንዴ አይደለም ብዬ ነው። መርፌ ተወግቶ አለመብላት ምን እንደሚያመጣ ለዓመታት በየቀጠሮው ተነግሮኛል፤ ግን እግድ ላይ ነኛ።

ስደርስ ቅዳሴ ገብቷል። አባ ታከለን ከሩቅ አየኋቸው። ከስተዋል። የገረመኝ ደግሞ ከመቅደስ ውጭ፣ ከወንዶቹ መሃል፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንደ ማንኛውም ምእመን ቆመዋል። ተረኛው ሌላ ቄስ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቅዳሴው ሲያልቅ እጃቸው ላይ እወድቃለሁ ብዬ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። የወደቅኩት ግን ቀደም ብዬ፣ መሬቱ ላይ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ጠበሉ አጠገብ ነኝ። ነጠላዬ ረጥቧል። ትከሻዋ የሰፋ አንዲት ሴትዮ፣ ወይዘሮ ምንትዋብ እንደምትባል ኋላ አወቅኩ፣ ከላዬ ቆማ ጣሳ ይዛለች። ሌሎቹ እጅና እግሬን ይዘውኛል።

«አንተ ማን ነህ? ተናገር» አለችኝ።

እኔ ሴት ነኝ ልላት ፈለግኩ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከአዳማ።»

«ተናገረ» አሉ ሴቶቹ። ምንትዋብ ጣሳውን አንድ ጊዜ ደፋችብኝ። «በየት በኩል ገባህ?»

«በ… ባሕር ዳር። በዳንግላ።»

«እሺ፣ ምን ፈልገህ ነው?»

እዚህ ላይ ያለኝን ኃይል ሁሉ አሰባሰብኩ። «ስኳር» አልኩ። «ቦርሳዬ ውስጥ… ከረሜላ።»

ይህ ሁሉን አበላሸው። በእነሱ ልማድ መንፈስ የጠየቀው ነገር አይሰጠውም፤ የለመነውን ካገኘ ቤቱን ይሠራል እንጂ አይለቅም። ምንትዋብ ወዲያው ቦርሳዬን ብብቷ ሥር ወሸቀችው። ከዚያ በአውንጊ መነጋገር ያዙ። ቋንቋውን አላውቅም፤ መሃል ላይ «ስኳር» የሚለው ብቻ ብቅ ይልብኛል፣ ከዚያ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ በአማርኛ «የከተማ ነው መሰለኝ፣ የእኛዎቹ እንዲህ ያለ አይጠይቁም» ስትል ሰማሁ።

አሁን ስጽፈው ያስቀኛል። ያኔ ግን ፈራሁ። ብርሃኑ ከዳር እየጠቆረ መጣ፣ ላቤ ከጠበሉ ጋር ተቀላቀለ፣ መሞቴ ነው አልኩ። ጌታዬ ሆይ፣ እኔ የለመንኩህ ጾሙን ነው እንጂ ሞቱን አይደለም አልኩ በልቤ። ማርታ ታወሰችኝ። ቁርስ ለመብላት በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተመኝቼ አላውቅም።

የአባ ታከለን ድምፅ ሰማሁ። «ልቀቋት። ይህች ልጄ አስካለ ናት። ስኳር ያለባት ሰው ናት።»

«አባ፣ እንዳያታልልዎት» አለች ምንትዋብ። «እሱም ስኳር ነው የሚለው።»

«ይበል። ቢሆንም ስኳሩን ይዞ ይሂድ። ቦርሳውን አምጪ።»

ከረሜላውን በጣታቸው እየሰበሩ አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። ሰው ሁሉ መንፈሱ ሲወጣ ሊያይ ከቦኝ ቆመ። የወጣው ግን ድምፄ ነበር፤ «ሌላ ጨምሩልኝ» አልኩ።

ከዚያ በፈረስ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ አባ ታከለ ቤት ወሰዱኝ። አዳማ ላይ ጋሪ የሚጎትት ከሲታ ፈረስ ነው የማውቀው፤ ይህ ግን የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ፣ እኔን መሸከሙ ውርደት የሆነበት ኩሩ ነበር። የአባ ባለቤት እምዬ ጥሩ አንድም ቃል ሳይጠይቁኝ ዳቦና ድንች አቀረቡልኝ፣ ልብሴን ቀየሩልኝ፣ አስተኙኝ። በላሁ። ሰዓት አልጠየቅኩም።

አራተኛ ቀን፤ ችሎቱ

በጠዋት ምንትዋብ አንድ እንቅብ ድንች ይዛ መጣች። አፍራለች፣ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ፊቴን ትክ ብላ አየችና «ለመሆኑ አሁን ለቆሻል?» አለችኝ።

«አልለቀቀኝም፤ ገና አብረን እንኖራለን» አልኳት። «ግን ከእንግዲህ በሰዓቱ አበላዋለሁ።»

ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ እምዬ ጥሩም ጓዳ ሆነው ሲስቁ ተሰማኝ።

እሷ ስትሄድ ከአባ ታከለ ጋር በረንዳው ላይ፣ የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ይግባኜን አቀረብኩ። የሐኪሙን ነገር፣ የአዲሱን የንስሐ አባቴን ቃል፣ የጎረቤቱን ዓይን፣ ሳልጾም ስለምፈስከው ፋሲካ፣ ሁሉን ዘረዘርኩ። እንደማልችለው እያወቅኩ፣ በእንቁላሉ ፈንታ ስግደት ይጨመርብኝ፣ ዳዊት በቀን ሙሉውን ልድገም ብዬም አማራጭ አቀረብኩ። አላቋረጡኝም፤ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ብይ ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ።

«የንስሐ አባቴ።»

«ለእሱ ያስረከበሽስ?»

«እርስዎ።»

«እንግዲህ የሰጠሁትን ልጅ መልሼ አልቀማውም። የእሱን ቃል እኔ ብሽር የእኔንስ ነገ ማን ይሰማዋል? በዚህ ነገር ሥልጣን የለኝም።»

ስንቱን መዝገብ በዚህ ምክንያት ዘግቼ መልሻለሁ። በራሴ ሲደርስ እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። «አባ፣ ከመጾም ከተለየሁ ምን ቀረኝ?» አልኳቸው። «መስገድ ጉልበቴ አልቻለም፣ ማንበብ ዓይኔ አልቻለም። በእጄ የቀረችኝ ጾሜ ነበረች።»

እሳቸው ፀሐዩን ቀና ብለው አዩና መቋሚያቸውን አነሡ። «ተነሺ፣ የምሳ ሰዓቴ ደርሷል» አሉኝ።

ገና እኩለ ቀን አልሆነም። ዐቢይ ጾም ነው። ቄስ ናቸው። የሰማሁትን እየተጠራጠርኩ ተከተልኳቸው።

ባጃጁ አዘና ገበያው ዳር ካለ ሱቅ በር ላይ አወረደን። ሱቁ የወይዘሮ ሰዓዳ ነው፤ ጨርቅ፣ ሳሙናና ጨው የምትሸጥ ረጋ ያለች ነጋዴ ናት። «አባ፣ ዛሬ እንግዳ ይዘዋል» አለችና ሌላ ሳታስነግረን ከሱቁ ጀርባ ወዳለች ክፍል አስገባችን። ምንጣፍ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት። እሷ እንቁላል ለመጥበስ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ሆዴን ቀደውታል» አሉኝ አባ ታከለ። «ክፉ እባጭ ተገኝቶ ግማሽ ጨጓራዬን አወጡት። አዳማን ትቼ የመጣሁት ለዚህ ነው፤ አርጅቶ ነው ሲባል ዝም አልኩ። ሐኪሙ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ወተትና እንቁላል አለኝ። የእኔ የንስሐ አባትም ብላ አለኝ። ቄስ ደግሞ ቅዳሴ የሚገባው ባዶ ሆዱን ነው። ከዚያ ወዲህ መቅደስ አልገባሁም።»

ከወንዶቹ መሃል የቆሙት ለዚህ ኖሯል። እኔ ሽሮዬን አስጣሉኝ ብዬ ስንት አገር አቋረጥኩ፤ እሳቸው መንበሩን ትተው ውጭ ቆመዋል።

«ይከብድዎታል?» አልኳቸው።

«ደወል ሲደወል እግሬ ይነሣል» አሉ። «ራሱን ችሎ ወደ መቅደስ ሊሄድ ይነሣል። እይዘዋለሁ። እኔም እንዳንቺ ይግባኝ አስቤ ነበር። የሚሽርልኝ አባት ስፈልግ ጉልበቴ አለቀና በላሁ።»

«ለምን እዚህ? እምዬ ጥሩ አይሠሩልዎትም?»

«ትሠራለች። ግን የፍስክ መጥበሻዋን ጾሙ ሲገባ አጥባ ሰቅላዋለች። እሱን ለእኔ ብላ ስታወርድ ማየት አልፈለግኩም። መጀመሪያ ከዚህ ጓሮ ተደብቄ ነበር የምበላው። ኋላ ከማን እንደምደበቅ ራሴን ብጠይቅ፣ ከእግዚአብሔር አይደለም፤ እሱማ ያየኛል። ከገበያው ነበር። ስለዚህ በሩ ይከፈት አልኩ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ የከበደሽ መግደፉ ነው፣ መታየቱ?»

«ሁለቱም» አልኩ።

«እንግዲያው መታየቱን ዛሬ እንሞክረው። መግደፉ እኔንም ገና ይከብደኛል።»

ሰዓዳ እንቁላሉን በሁለት ሳህን አምጥታ አስቀመጠችና እሷ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገብተዋል። በሌላ ጊዜ አብራቸው ትበላ ነበር አሉ፤ ዘንድሮ ግን በዚያች ክፍል ጾመኛዋ አስተናጋጇ ብቻ ናት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በገበያው የሚያልፍ ሰው አባን ሰላም ይላቸዋል፣ ከዚያ ዓይኑ ሳህኔ ላይ ያርፋል። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ልስብ እጄን አነሣሁና መልሼ አወረድኩት።

አባ ታከለ ማዕዱን ባረኩ። በመስቀላቸው ሳህኔም ላይ አማተቡ። ከዚያ መጀመሪያ እሳቸው ጎረሱ፣ እኔ ብቻዬን እንዳልጀምር ብለው። እኔም ጎረስኩ።

እንቁላሉ ጨው የሚባል አልነካውም። ቀና ስል አባም ቀና ብለው አዩኝ፤ ገብቷቸዋል። የጨው ነጋዴዋ ጾም ላይ ናትና ሳትቀምሰው ነው የጠበሰችልን።

«እንዴት ነው፣ ደህና ሆነላችሁ?» አለች ሰዓዳ ከበሩ።

«መልካም ነው፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ አባ።

«በጣም ጥሩ ነው» አልኳት እኔም፣ ሳህኔንም አጸዳሁት።